በቦዮ ሐይቅ ዳር የሚተከል ድንኳን

(በሬድዮ ከሚነገሩት የታሪክ ንግግሮች)

የመሥሪያ ቤት ሰው የዓመት ፈቃዱ በደረሰ ጊዜ ከመዝገብና ከማኅተም፣ ከስልክና ከቀጠሮ ርቆ ጥቂት ቀን በጸጥታ ማሳለፍን ይመኛል። ይህም ምኞት የሚነቀፍ አይደለም፤ አእምሮም እንደ እርሻ መሬት ዕረፍት ያስፈልገዋልና። ስለዚህም በዘመናችን ብዙ የከተማ ሰዎች ድንኳን፣ ምንጣፍና ስንቅ በመኪና ጭነው ወደ ሐይቅ ዳር መውጣትን ልማድ እያደረጉት መጥተዋል። ላንጋኖን ወይም ወንጪን በዓይኑ ያላየ ቢኖር እንኳ በስም የማያውቃቸው ጥቂት ነው። ከነዚህ ከታወቁት ይልቅ ጎብኚ የማይበዛበትን፣ የሞተር ድምፅ የማይሰማበትን ውኃ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በሐዲያ ምድር፣ በሻሾጎ ወረዳ፣ ቦዮ የሚባል ሐይቅ አለ።

የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ሐይቅና በዳርቻው ስለሚኖረው ሕዝብ ነው። ሐሳባችን ግን የውኃውን ውበት ለማወደስ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር ድንኳን ከከተማ ሰው ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ ረዥም ታሪክ አለው። እንግዲህ ድንኳኑን የሚተክል ሁሉ ከእርሱ በፊት በዚያ ምድር እነማን ድንኳን እንደ ተከሉና ምን ይዘው እንደ ሄዱ ቢያውቅ፣ አካሄዱን ለማሳመር ይረዳዋል። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው እንናገር። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሆሳዕና ይደርሳል። ሆሳዕና ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋማ ከተማ ናት፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። በስተ ደቡብ ዱራሜንና አንጋጫን የመሳሰሉት የከምባታ ከተሞች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው የአምባሪቾ ተራራ ቆሞ ይታያል። ይህ አገር የእንሰት አገር ነው። እያንዳንዱ ቤት በእንሰት ተክል የተከበበ፣ መንደሩም ከመንደር የተያያዘ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው ገጠሮች አንዱ ለመባል በቅቷል።

ከሆሳዕና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው በኩል ሲወረድ ግን ነገሩ ይለወጣል። አየሩ ይሞቃል፤ እንሰቱ እየሳሳ ሄዶ የበቆሎ፣ የጤፍና የበርበሬ ማሳ ይተካል፤ ዳገቱም አልቆ ሜዳ ይሆናል። ያ ሜዳ እጅግ ዝቅ በሚልበት ስፍራ ቦዮ ተኝቷል። ከጉራጌ ተራሮችና ከሐዲያ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች ወደዚህ ዝቅታ ይጐርፋሉ። ከነዚህም ታላቁ ብላቴ ነው፤ እርሱ በዚህ አገር አልፎ ወደ ደቡብ ይወርድና በመጨረሻ ከአባያ ሐይቅ ይገባል። ቦዮ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ስለ ሆነ፣ ውኃው የት ላይ አልቆ ረግረጉ የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት ያስቸግራል። በክረምት ይሰፋል፤ በበጋ ይሸሻል። ሲሸሽም ለምለም ሣር ትቶ ስለሚሄድ የሻሾጎ ከብት አርቢ መንጋውን ይዞ ውኃውን ይከተላል። በሸምበቆውና በቄጠማው ውስጥ ጉማሬ ይኖራል፤ ዳክዬውና ሽመላው፣ ከአውሮጳ ብርድ ሸሽቶ የመጣውም ስደተኛ ወፍ ዳርቻውን ይሞላዋል።

እዚህ ላይ ስለ ወራቱ አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። በአውሮጳና በአሜሪካ ሰዎች ለዕረፍት ወደ ሐይቅ ዳር የሚወጡት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የእነርሱ የፀሐይ ወራት ያን ጊዜ ነውና። ድንኳን ይዞ ለደስታ መስፈርም ልማድ ሆኖ የተስፋፋው በዚያው በእነርሱ አገር ነው። በ1907 ባደን ፓወል የተባለው እንግሊዛዊ የጦር መኰንን ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ጥቂት ልጆች ሰብስቦ በድንኳን አኖረ፤ የስካውት ማኅበርም ከዚያ ጀመረ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1908፣ ቶማስ ሆልዲንግ ስለ ድንኳን ኑሮ የጻፈው የመምሪያ መጽሐፍ ታተመ። በእኛ አገር ግን ሐምሌና ነሐሴ የክረምት እምብርት ናቸው። የፈረንጁን ልማድ እንዳለ ገልብጦ በነሐሴ ወደ ቦዮ የሚወርድ ሰው የሚያገኘው ጭቃና ጎርፍ ነው። በዚያ አገር የድንኳን ወራት ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው።

ይህም ማለት በኢትዮጵያ ድንኳን የፈረንጅ ትምህርት ነው ማለት አይደለም። ከዓለም ነገሥታት መካከል እንደ ኢትዮጵያ ነገሥታት ብዙ ዘመን በድንኳን የኖሩ ጥቂቶች ናቸው። የቋንቋችንን ቃል እንመርምር። «ከተማ» የምንለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ከተመ ማለትም ሠራዊቱን ይዞ ሰፈረ ማለት ነው። «ሰፈር» የምንለውም እንዲሁ ሠራዊት ያረፈበት ስፍራ ማለት ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነሠራዊታቸው ድንኳን በተከሉበት ቦታ ቤት ሠሩ፤ ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሳሰሉት ስሞችም የዚያ ዘመን ማስታወሻዎች ናቸው። እንግዲህ እኛ የከተማ ሰዎች ነን የምንለው፣ በቃሉ ትርጉም ከሄድን፣ የድንኳን ልጆች ነን።

የነገሥታቱ ድንኳን ወደ ሐዲያ ምድር የደረሰው ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ነው። በዚያ ዘመን ሐዲያ ዛሬ በካርታ ላይ እንደምናየው ጠባብ ዞን አልነበረም። በ1349 የሞተው ጸሐፊ አል ኡመሪ ስለ ሰባቱ የእስላም መንግሥታት ሲዘረዝር፣ ሐዲያ የስምንት ቀን መንገድ ርዝመትና የዘጠኝ ቀን መንገድ ስፋት እንዳለው፣ ንጉሡም 40,000 ፈረሰኛ እንደሚያሰልፍ፣ እግረኛው ደግሞ የዚህ እጥፍ እንደሚሆን ጽፏል። ሕዝቡ የሚገበያየው ሐኩና በሚባል በመርፌ አምሳል በተሠራ የብረት ቁራጭ እንደ ነበረም ይገልጻል። በዚያው አገር የባሪያ ንግድ ይተላለፍ እንደ ነበረም ሳይጽፍ አላለፈም።

ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) በነገሡ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በ1316/17፣ ወደ ሐዲያ ዘመቱ። የዘመቻቸው ታሪክ እንደሚተርከው፣ አማኖ የተባለው የሐዲያ ንጉሥ በልዓም የሚባል የአንድ ነቢይ ነኝ ባይ ምክር ሰምቶ ግብር አልሰጥም አለ፤ ውጤቱም ጦርነትና ምርኮ ሆነ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ይኸው ነገር ተደገመ። ማሒቆ የተባለው የሐዲያ ገራድ ግብሩን አስቀረ፤ ንጉሡም በቦታው አጎቱን ባሞን ሾሙ። እነሆ በነዚህ በሁለቱ ታሪኮች ድንኳኑ የሚመጣው ለአንድ ምክንያት ነው፤ እርሱም ግብር ነው።

ይሁን እንጂ የሐዲያና የቤተ መንግሥቱ ግንኙነት በጦር ብቻ የተሠራ አልነበረም። ንግሥት እሌኒ የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ነበረች። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆና በቤተ መንግሥት ኖረች፤ ከእርሳቸውም በኋላ በብዙ ነገሥታት ዘመን አማካሪ ሆና ቆየች። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 ገና ልጅ ሳሉ በነገሡ ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ የመራች እርሷ ናት። የቱርኮች ኃይል በቀይ ባሕር ላይ እንደሚበረታ አስቀድማ ተመልክታ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች አገራችን የደረሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ ከአውሮጳ ጋር ያደረገችው አንዱ ታላቅ የዲፕሎማሲ ሥራ በሐዲያ ተወላጅ ሴት ብልሃት የተከናወነ መሆኑን የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ቢያስታውሰው መልካም ነው።

ከነዚያ መልእክተኞች ጋር የመጣው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የንጉሡን ሰፈር አይቶ ተደንቆ ጽፏል። ንጉሡ በአንድ ቦታ አይቀመጡም፤ ሰፈሩ ሲነሣ አገር የተነሣ ይመስላል፤ ሲያርፍም የንጉሡ ድንኳን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ፣ የዳኞቹና የገበያው ቦታ ሳይዛነፍ በየሥርዓቱ ይተከላል። የሐዲያ ንግሥት ከአገሯ ተነሥታ በጠላቷ ላይ እርዳታ ለመለመን ወደዚያ የድንኳን ከተማ እንደ መጣችም አልቫሬዝ ይተርካል። ዳግመኛም በሐዲያ አገር እንደ ባሕር የሰፋ፣ በመካከሉ ገዳም ያለበት ደሴት የሚገኝ ሐይቅ እንዳለ መስማቱን ጽፏል። ይህም ዛሬ ዝዋይ የምንለው ሐይቅ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ። ከዚህ የምንረዳው የሐዲያ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከሐይቅ አገር ጋር የተሳሰረ መሆኑን ነው።

ከዚያ በኋላ የግራኝ አሕመድ ጦርነት መጣ፤ ጦርነቱ በ1543 ሲያበቃም የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ ተከተለ። ሕዝብ በሕዝብ ላይ እየገፋ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተሻገረ። የሐዲያን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ሰብስቦ የጻፈው ጀርመናዊው ሊቅ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር እንዳስረዳው፣ ዛሬ ሐዲያ ተብለው ከሚጠሩት ጎሳዎች ብዙዎቹ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ፣ ከምሥራቅ በኩል እየተሰደዱ የመጡ ናቸው። እነርሱም ከብት አርቢዎች ነበሩ፤ ወደ ደጋው የወጡት ከጊዜ በኋላ እንሰት መትከልን ይዘው ጸኑ። በቆላው ጠርዝ የቀሩት ደግሞ ከብታቸውን ከውኃው ጋር ማንቀሳቀሱን አልተዉም። እንግዲህ በቦዮ ዳር የምናየው ኑሮ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ ብዙ ዘመን የተጓዘ ሕዝብ ውኃና ሣር አግኝቶ ያረፈበት ኑሮ ነው።

የመጨረሻው ታላቅ የሠራዊት ድንኳን የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ የሸዋን ሠራዊት ብዙ ጊዜ ከተቋቋመ በኋላ በ1889 ድል ሆነ፤ የሐዲያም ምድር ከዚያ ወዲህ፣ ከምባታም በተከታዮቹ ዓመታት፣ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ገቡ። ኋላም በአድዋ ጦርነት መድፈኞችን ያዝ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው የከምባታ ገዢ ሆኑ። ሠራዊታቸው ዋቸሞ በሚባለው ስፍራ ከተመ። ዕለቱ የሆሳዕና በዓል ስለ ነበረ ቦታው ሆሳዕና ተባለ ይባላል። ጥንታዊው ስም ግን አልጠፋም፤ ዛሬ የከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ዋቸሞ ተብሎ ይጠራል።

ሠራዊቱ ከድንኳን ወጥቶ ቤት ሲሠራ አገሩ ነፍጠኛና ገባር ተብሎ ተከፈለ። ገባሩ እህል፣ ማርና ቅቤ ያቀርብ ነበር፤ ማገዶ ይፈልጥ፣ አጥር ያጥር፣ ወፍጮ ይፈጭ ነበር። ይህን ታሪክ የምናነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ የሆነውን እንደ ሆነ ሳይናገሩ መቅረት ግን ታሪክ መጻፍ አይባልም። የመሬቱ ነገር ፈጽሞ የተለወጠው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ዛሬ በቦዮ ዳር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ያን አዋጅ ያስታውሳሉ፤ ያላስታወሱትም ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። እንግዲህ በሐይቁ ዳር ድንገት የቆመ ድንኳን በዓይናቸው ፊት ባዶ ጨርቅ አይደለም። ከከተማ የመጣ ሰው ባለቤት ሳይጠይቅ ሲሰፍር ምን ሊከተል እንደሚችል በአገሩ ትዝታ ውስጥ አለ።

ከዚህም ሌላ በቦዮ ዳር የሚታወቅ ድንኳን አለ፤ እርሱም የጎርፍ ድንኳን ነው። ክረምቱ በበረታበት ዓመት ብላቴና ሌሎቹ ወንዞች ከአልጋቸው ይወጣሉ፤ ሐይቁም ይሞላና ማሳውንና መንደሩን ይውጣል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ሕፃናቱንና ጥጆቹን ይዞ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ ውኃው እስኪሸሽም ድረስ በሸራ ሥር ያድራል። የከተማው ሰው በጥር ወር ለደስታ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ባለቤቱ በነሐሴ በግድ በሸራ ውስጥ የተኛበት ዓመት አለ። ውኃው ከሸሸ በኋላ ደግሞ የወባ ትንኝ ይከተላል። ይህን ያወቀ ሰው በሐይቁ ጸጥታ ይደሰታል እንጂ ጸጥታውን ኑሮ የቀለለበት ምልክት አድርጎ አይቆጥረውም።

ስለ ውኃውም ማሰብ ያሻል። ደጋው ሕዝብ የበዛበት በመሆኑ ተዳፋቱ ሁሉ ይታረሳል፤ ዝናቡም አፈሩን እያጠበ ወደ ዝቅታው ያወርደዋል። ጥልቀት ለሌለው ሐይቅ ከዚህ የከፋ ጠላት የለም፤ ደለል ሲሞላው ውኃው በክረምት ቶሎ ይገነፍላል፤ በበጋም ቶሎ ይደርቃል። ይህ ተራ ስጋት አይደለም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ያቀርብ የነበረ ሲሆን፣ አፈሩ ሞልቶት፣ ለመስኖም ብዙ ተቀድቶ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጠቀ። ኋላ በተደረገው ጥረትና በጥሩ ዝናብ ውኃ ቢመለስበትም፣ አንድ ሐይቅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊጠፋ እንደሚችል ሁላችን አይተናል። የቦዮን ዳርቻ ለማረስ የሚገፋፋው ችግር ቀላል አይደለም፤ ብዙ የሐዲያና የከምባታ ወጣት መሬት ጠቦት ወደ ደቡብ አፍሪካ እስከ መሰደድ የደረሰበት ዘመን ነውና።

እንግዲህ ጎብኚው ምን ያድርግ? መቼም «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ነገር ሳይጠይቁ አለመስፈር ነው። ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ገብቶ ማንነትን ማስታወቅ፣ ከዚያም የመንደሩን ሽማግሌዎች ቀርቦ እጅ ነሥቶ «አባቶቼ፣ የት ብናርፍ ትፈቅዱልናላችሁ?» ማለት ይገባል። ይህ ጥያቄ ክብር ብቻ አይደለም፤ ሕይወትም ያድናል። ጉማሬ ቀን በውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሌሊት ግን ሣር ሊግጥ ወደ ሜዳ ይወጣል። በመመለሻ መንገዱ ላይ የቆመ ድንኳን ቢያገኝ አይራራም። መንገዱን የሚያውቁት ደግሞ ሽማግሌዎቹና እረኞቹ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ለማገዶ ብሎ ዛፍ አለመቁረጥ፣ በሸምበቆው ውስጥ ገብቶ የወፎቹን ጎጆ አለመበተን ነው። ሦስተኛው፣ ለወተቱም፣ ለዓሣውም፣ መንገድ ለሚያሳየውም ልጅ ተገቢውን ዋጋ መክፈል ነው። በግብዣ የቀረበውን ግን በገንዘብ መመለስ ነውር ነው። የሐዲያ ባለቤት ለከበረ እንግዳ በቅቤ የበለጸገውን አታካና ቢያቀርብ፣ ያን ጊዜ የሚገባው በምስጋና ተቀብሎ መብላትና የባለቤቱን ቤት መመረቅ ነው። አራተኛው፣ ያመጡትን ጣሳና ላስቲክ ሁሉ መልሶ ይዞ መሄድ ነው፤ ከብት ላስቲክ በልቶ ይሞታል፤ የከብቱም ሞት ለዚያ ቤተሰብ ትልቅ ጉዳት ነው። አጎበር መያዝንም አለመርሳት ያስፈልጋል።

ምሽት ሲሆን እሳቱ ዳር ተቀምጦ ማዳመጥን የመሰለ ትምህርት የለም። ስለ ጎርፉ ዓመት፣ ስለ ከብቱ፣ አያቶች ከወዴት እንደ መጡ የሚነገረውን የሰማ ሰው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ከዕረፍት የበለጠ ነገር ይዞ ይመለሳል። ስለ ሻሾጎ መንገድ፣ ስለ ጎርፍ መከላከያ፣ ስለ ጤና ጣቢያ የተጻፈ ደብዳቤ ከጠረጴዛው ላይ ቢደርስ፣ ስሙን በወረቀት ላይ ብቻ የሚያይ ሰው ለነገ ያሳድረዋል፤ ሜዳውን በእግሩ የረገጠ ግን ክረምቱ ሳይገባ መልስ እንዲያገኝ ይተጋል።

ክቡራን አንባብያን፤ ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ወደ ሐዲያ ምድር የወረደው ድንኳን ግብር ሊቀበል ወረደ፤ በነቀለም ጊዜ ከአገሩ አንዳች ነገር ይዞ ሄደ። የእናንተ ድንኳን በፈቃድ የተተከለ ይሁን፤ ሲነቀልም ለጥቂት ቀን ከተኛው ሣር በቀር ምልክት አይተው። ወደ ቦዮ የምትወርዱበት የኅዳር ወር በሰላም ያድርሳችሁ።